ለአሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚስማማ ሶሌኖይድና ሴንሰር እንዴት ይገኛል?

ባለፈው ክረምት የአንድ አሮጌ ፎር ራነር ካምቢዮ ወርዶ ታደሰ። የተቃጠሉት ፍሪሲዮኖች ወጥተው አዲስ ገቡ። ኦሪንግና ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ ዘይት ተሞላ፣ መኪናው ተነሣ። ሰፈሩን አንድ ዙር ሳንጨርስ ክሩስኮቱ ላይ «ኦዲ ኦፍ» የምትለው መብራት፣ የካምቢዮ ጥፋት ሲኖር የምትናገረው፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። የመኪናው ባለቤት መሪውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩኝ። «ይኼ ሁሉ ብር ወጥቶ ገና መብራት ነው?»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የፍጥነት ሴንሰሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሱቁ ባንኮኒ ላይ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ። ቁመታቸው እኩል፣ ሶኬታቸው አንድ ዓይነት። ቀዳዳው ውስጥም ጥብቅ ብሎ ገባ። ግን አሮጌው እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። አዲሱ ደግሞ ጥቅል ሽቦ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

የካምቢዮ ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ ጥሩ እጅ ካገኘ ይታደሳል። ሰውን የሚያመላልሰው ኤሌክትሪኩ ነው፦ የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ሶሌኖይድ፣ ፍጥነቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ሴንሰር። ካምቢዮ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ለሁለት ጌታ ይገዛል። አንዱ ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ነው። ሌላው ክሩስኮት ሥር ወይም ከጎን የተደበቀው ኮምፒውተር ነው። ዕቃው የሁለቱንም ቋንቋ መናገር አለበት። ቀዳዳው ውስጥ ስለገባ ብቻ ተስማማ ማለት አይደለም።

ምሳሌ የማደርገው የቶዮታን ኤ340 ነው። አይሲን የሚሠራው፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ (እ.ኤ.አ.) የመጣ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ ነው። ፎር ራነር፣ ሃይሉክስ ሰርፍ፣ ታኮማና ሱፕራ ላይ ታገኙታላችሁ። ከ1987 እስከ 2001 የተሠራው ጂፕ ቸሮኪ የያዘው ኤደብሊው4 ካምቢዮም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በመቆሙ እነዚህ አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይቆያሉ። መኪናችሁ ሌላ ከሆነም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚለወጡት ቁጥሮቹ ናቸው።

1. የመኪናውን ስም ትታችሁ የካምቢዮውን ስም ያዙ

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ነው። የካምቢዮው ስም እዚያ የለም። ኮፈኑን ክፈቱና ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ሳህን ፈልጉ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በሾፌሩ ስፖርቴሎ በኩል ምሰሶው ላይ ያለውን ተለጣፊ እዩ። ብዙ ጊዜ «ትራንስ/አክስል» ወይም «ኤ/ቲኤም» የሚል መስመር አለ። የካምቢዮው መለያ እዚያ ነው።

ከ340 በኋላ ያለችውን ፊደል በደንብ እዩ። ኤ340ኢ ለኋላ ጎማ ብቻ ነው። ኤ340ኤፍ በእጅ ዘንግ የሚገባ ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው) ላለው ባለ 4 ጎማ ነው። ኤ340ኤች ደግሞ ትራንስፈሩ ራሱ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። ይህቺ ፊደል ዋጋ ታስከፍላለች። ለምሳሌ «ቁጥር 4 ሶሌኖይድ» ሲባል ኤ340ኤች ላይ የትራንስፈሩ ሶሌኖይድ ነው። በሌሎቹ ላይ፣ ካለ፣ ማርሽ ሲገባ እንዳይነርት ግፊቱን የሚያለዝበው ነው። ስሙ አንድ፣ ሥራው ለየቅል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳህኑ የሚነግራችሁ ፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። እኛ አገር ደግሞ ከዱባይና ከሻርጃ የመጣ ያገለገለ ካምቢዮ ተገጥሞለት ዓመታት የተነዳ መኪና ሞልቷል። ስለዚህ መኪናው ሥር ግቡና የተገጠመው ካምቢዮ ከሳህኑ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። ባለቤቱን ጠይቁ። «ካምቢዮው ተቀይሮ ያውቃል?» የምትለዋ ጥያቄ ከማንኛውም ካታሎግ ትበልጣለች።

ሌላው የሚታየው ከሞተሩ የጋዝ ዘንግ ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ቀጭን ገመድ ነው። አሮጌዎቹ ኤ340ዎች የዘይቱን ግፊት የሚያስተካክሉት በዚህ ገመድ ነው። በኋላ በመጡት አንዳንዶቹ ገመዱ ቀርቶ ኤስኤልቲ የሚባል ሶሌኖይድ ተተክቷል። ገመድ ያለውን ቫልቭ ቦዲ ገመድ ለማያውቅ ኮምፒውተር፣ ወይም የዚያን ግልባጭ፣ ለማጋባት አትሞክሩ። ማርሹ ይገባ ይሆናል። ግፊቱን የሚቆጣጠረው ግን ስለማይኖር አዲሱ ፍሪሲዮን ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል።

2. ከመፍታታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አናግሩት

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ካምቢዮው መሬት ከወረደ በኋላ ግን የሚናገር የለም።

በአሮጌዎቹ ቶዮታዎች ላይ ኮፈን ሥር ትንሽ የምርመራ ሳጥን አለች። ክዳኗ ላይ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በቁራጭ ሽቦ አገናኙ። 4ኛ ማርሽን የሚፈቅደው የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ተጭኖ መግባቱን፣ ማለትም «ኦዲ ኦፍ» መብራቷ መጥፋቷን እዩ። ከዚያ ሞተር ሳታስነሡ መክፈቻውን «ኦን» ላይ አድርጉ። መብራቷ ቆጥራ ትነግራችኋለች። ያለ እረፍት እኩል እኩል ብልጭ የምትል ከሆነ የተመዘገበ ጥፋት የለም። 6 ጊዜ፣ ትንሽ አረፍ፣ ከዚያ 2 ጊዜ ካለች 62 ነው።

መያዝ ያለባችሁ እነዚህን ነው፦

42፦ ቁጥር 1 የፍጥነት ሴንሰር፣ ከሜትሩ (ክሩስኮቱ ላይ ካለው የፍጥነት መለኪያ) በኩል ያለው
61፦ ቁጥር 2 የፍጥነት ሴንሰር፣ ካምቢዮው ላይ ያለው
62፦ ቁጥር 1 ሶሌኖይድ
63፦ ቁጥር 2 ሶሌኖይድ
64፦ የሎክ አፕ ሶሌኖይድ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ያለ መንሸራተት የሚቆልፈው

ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ የተሠሩት በተለመደው የኮድ ማንበቢያ ይነበባሉ። እዚያ ፒ0753 ማለት የመጀመሪያው ሶሌኖይድ ሽቦ፣ ፒ0758 የሁለተኛው፣ ፒ0773 የሎክ አፑ ነው።

62፣ 63 እና 64 በአንድ ጊዜ ከመጡ ሶሌኖይድ ለመግዛት አትሩጡ። ሦስት ሶሌኖይድ ተማክሮ በአንድ ቀን አይሞትም። ወይ ሶኬቱ አልተሰካም፣ ወይ ከካምቢዮው የሚወጣው ሽቦ ተቆርጧል፣ ወይ ደግሞ የምድር ሽቦው ተረስቷል። ይህ የመጨረሻው ከእድሳት በኋላ በጣም የተለመደ ነው። ካምቢዮ ሲወርድ የተፈታ የምድር ሽቦ ሲሰቀል ተንጠልጥሎ ይቀራል።

3. ሶኬቱን ነቅላችሁ ንዱት

በጣም የምወደው ምርመራ ይህ ነው። ምንም አያስከፍልም። ከካምቢዮው የሚወጣውን የሶሌኖይድ ሶኬት ንቀሉ። አሁን ኮምፒውተሩ ምንም ማዘዝ አይችልም። ካምቢዮው በእጃችሁ ብቻ ይታዘዛል።

የማርሽ ዘንጉን ኤል ላይ ስታደርጉ 1ኛ ማርሽ ማግኘት አለባችሁ። 2 ላይ 3ኛ፣ ዲ ላይ ደግሞ 4ኛ። በኤል ተነሡ፣ ትንሽ ፍጥነት ሲይዝ ወደ 2፣ ከዚያ ወደ ዲ። በቀጥታ በዲ ከተነሣችሁ መኪናው እንደ በሬ ይከብዳል፤ 4ኛ ማርሽ ስለሆነ እንጂ ስለተበላሸ አይደለም። ጂፑ ላይ ዘንጉ 1-2፣ 3 እና ዲ ስለሚል ስሙ ይለያል እንጂ የሚገኘው ያው 1ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ነው።

ሦስቱም ማርሾች ሳይንሸራተቱ ከገቡ ፍሪሲዮኖቹ ጤነኛ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጥፋቱ ኤሌክትሪክ ነው። በዚህ ምርመራ ብቻ ካምቢዮ ሳይወርድ የቀረበት ጊዜ አለ። ለባለ ጋራዡ ኪሳራ ነው፤ ለባለ መኪናው ግን በዓል።

ውጭ ያሉትንም አትርሱ። የፍሬን መብራት ማብሪያው ከተጣበቀ ሎክ አፕ አይገባም። የራዲያተር ውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ከዋሸ ካምቢዮው 4ኛን ይከለክላል። የጋዝ አቀማመጥ ሴንሰሩ ከተበላ ማርሹ ያለ ሰዓቱ ይቀየራል። የእነዚህ ሁሉ ስም «ካምቢዮ ተበላሸ» ነው።

4. ክፈቱና ለኩ

እዚህ ጋ ነው ረጋ ማለት። ዘይቱን አፍስሱ፣ የታችኛውን ሳህን በባለ 10 ቁልፍ ፍቱ። ቫልቭ ቦዲው ላይ የታሰሩትን ሶሌኖይዶች ታያላችሁ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ። ከዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ናስትሮ ጠቅልላችሁ ለቁጥር 1 ሶሌኖይድ «ኤስ1»፣ ለቁጥር 2 «ኤስ2»፣ ለሎክ አፑ «ኤስኤል» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ስንት ሽቦ እንዳላቸው ቁጠሩ። ይህ ከቴስተር በፊት የሚመጣ ምርመራ ነው። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ሶሌኖይድ ክፍት ወይም ዝግ ብቻ የሚያውቅ ነው። 12 ቮልቱ በሽቦው ይመጣል፣ ምድሩን የሚያገኘው በታሰረበት ቡሎን በኩል ነው። ሁለት ሽቦ ያለው ደግሞ ግፊትን በመጠን የሚያስተካክል ነው፤ ኤስኤልኤን እና ኤስኤልቲ የሚባሉት እንደዚህ ናቸው።

ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። ባለ አንድ ሽቦዎቹን ከሽቦው ወደ ሶሌኖይዱ ገላ ለኩ። 20 ዲግሪ ላይ ከ11 እስከ 15 ኦም መሆን አለበት። ባለ ሁለት ሽቦው በሁለቱ ሽቦዎች መሀል ሲለካ 5 ኦምን በጥቂት ነው የሚያልፈው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አስሉት። 13 ኦም በ13 ቮልት ላይ 1 አምፒር ይስባል። 5 ኦም ደግሞ በቀጥታ ከሰጣችሁት ከ2 አምፒር ተኩል በላይ ነው። ባለ 5 ኦሙን የሚነዳው ኮምፒውተር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚሰጠው ችግር የለም። ያንኑ ዕቃ ባለ 13 ኦም ቦታ ላይ ብትሰኩት ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ትራንዚስተር ትቃጠላለች። ከዚያ በኋላ የምትፈልጉት ሶሌኖይድ ሳይሆን ኮምፒውተር ነው።

ሙቀትም አለ። መዳብ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል። በቀዝቃዛው 13 የነበረ ሶሌኖይድ ዘይቱ 90 ዲግሪ ሲደርስ 16 ተኩል አካባቢ ያነባል። ጤነኛ ነው፤ አትጣሉት። የአዲስ አበባ ረፋድ ለ20 ዲግሪ ቅርብ ስለሆነ እኔ ልኬቴን ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ነው የማደርገው። የሚያስጠረጥረው ሲቀዘቅዝ ልክ ሆኖ ሲሞቅ ጭራሽ የሚቋረጠው ነው። እሱን ለመያዝ ሶሌኖይዱን ለካምቢዮ በሚሆን ዘይት ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አሙቁና ቴስተሩን ሳታነሡ ተመልከቱ። ዘይቱ እንዳይፈላ፣ እሳቱም ክፍት እንዳይሆን።

ኦሙ ልክ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ባለ አንድ ሽቦዎቹን 12 ቮልት ስጧቸው። «ጠቅ» ማለት አለባቸው። ከኮምፕሬሰር 5 ባር ያህል አየር ስጡ። ኤስ1 እና ኤስ2 ላይ ኤሌክትሪክ ሳይኖር አየሩ መታገድ አለበት፤ ስትሰጡት ማለፍ አለበት። የሎክ አፑ ግን በአንዳንዶቹ ላይ፣ ለምሳሌ በጂፑ፣ የዚህ ግልባጭ ነው። ጠቅ እያለ አየር የሚያፈስ ሶሌኖይድ ብዙ ነው። ውስጡ ቆሻሻ ይዟል ወይም ተበልቷል።

ባለ ሁለት ሽቦውን ግን ባትሪ ላይ በቀጥታ አታድርጉት። ከ8 እስከ 10 ዋት የሆነች አምፖል በመሀል አስገቡ። አምፖሏ ኤሌክትሪኩን ትቀንሰዋለች፣ እናንተም የውስጡ ዘንግ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ።

5. የፍጥነት ሴንሰር ሦስት ዓይነት ነው

እኔን ያዋረደኝ ይኼ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የመጀመሪያው ዓይነት ሪድ ማብሪያ ነው። ውስጡ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ጋር የሚዞር ማግኔት ሲያልፍ ይነካካሉ፣ ሲርቅ ይለያያሉ። ቴስተሩን አገናኝታችሁ ማግኔት ብታስጠጉበት ቁጥሩ ዜሮ ይላል፣ ስታርቁት ይቋረጣል።

ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ነው። ማግኔት አስጠጋችሁ አራቃችሁ ኦሙ አይለወጥም። በቶዮታዎቹ ላይ ከ560 እስከ 680 ኦም ያነባል። የሚያወጣው ራሱ የሚያመነጨውን ትንሽ ተለዋዋጭ ቮልት ነው።

ሦስተኛው ሆል የሚባለው ነው። ሦስት ሽቦ አለው፤ አንዱ ኤሌክትሪክ፣ አንዱ ምድር፣ አንዱ ምልክት። ኤሌክትሪክ ካልሰጣችሁት ምንም አይናገርም። ብዙ ጊዜ ይህን የምታገኙት የሜትር ማርሹ ላይ ነው።

አሮጌው ሞቶ እንኳ ቢሆን ዓይነቱን መለየት ይቻላል። ሽቦ ቁጠሩ። ሁለት ከሆነ ኦም ለኩ። በመቶዎች ካነበበ ጥቅል ነው። ጭራሽ የማያነብ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የተቆረጠ ጥቅልም፣ ክፍት ቦታ ላይ የቆመ ሪድም እንደዚያው ነው። ማግኔት አምጡ። ማግኔቱም ካልረዳ የካምቢዮውን መውጫ ዘንግ እዩ። የማግኔት ቀለበት ካለበት ሴንሰሩ ሪድ ነው። ጥርስ ያለው የብረት ጎማ ብቻ ከሆነ ጥቅል ነው።

እኔ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቴስተር አውጥቼ ብለካው ኖሮ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። መኪናው መሄዱን አልተወም። ኮምፒውተሩ በሜትሩ በኩል ባለው ሴንሰር እየተረዳ ማርሽ ይቀይራል። ኮዱ 61 ሆኖ መብራቷ ብቻ ታፍጥጣለች።

6. ኮምፒውተሩን ራሱን ጠርጥሩት

ሶሌኖይዱም ሽቦውም ደህና ሆኖ ኮዱ ካልጠፋ ኮምፒውተሩን አውጡት። አንዳንዱ መኪና ላይ የካምቢዮው ኮምፒውተር ለብቻው ነው፤ ጂፕ ቸሮኪም እንደዚያ ነው። ሌላው ላይ ከሞተሩ ጋር አንድ ሳጥን ነው።

ከፍታችሁ አሽትቱት። ቀልዴን አይደለም። የ1980ዎቹ መጨረሻና የ1990ዎቹ የቶዮታ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያሉት ትናንሽ በርሜል መሰል ካፓሲተሮች ያፈስሳሉ። የሚወጣው ፈሳሽ የዓሣ ሽታ አለው። እግራቸው ሥር ቡናማ እድፍ፣ አረንጓዴ የዛገ መስመር ታያላችሁ። እዚህ ላይ የሚያስፈልጋችሁ መካኒክ ሳይሆን ብየዳ የሚችል የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ሙቀት መቻያው 105 ዲግሪ የሆነ ይግጠም። ፕላስና ማይነሱ እንዳይገለበጥ። ፈሳሹ የበላውን መስመር በአልኮል አጥባችሁ የተቆረጠ ካለ በቀጭን ሽቦ ድልድይ ሥሩለት።

ጭራሽ ከሞተ ሌላ ያገለገለ ኮምፒውተር ስትፈልጉ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ አንድ ይሁን። ማንዋል ካምቢዮ ከነበረው መኪና የወጣ አይሆንም፤ ሶሌኖይድ የሚያዝበት ክፍል የለውም። በ1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያ ወዲህ በመጡት ላይ ደግሞ ቁልፉን የሚለይ ኢሞቢላይዘር ሊኖር ይችላል። ያኔ ቁልፉ ካልተላመደ ሞተሩ አይነሣም።

7. አሁን ወደ ገበያ

ሶማሌ ተራ ገብታችሁ «የፎር ራነር ካምቢዮ ሶሌኖይድ አለ?» ብትሉ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አለ፣ ወንድሜ! ስንት ሞዴል?» እናንተ «94» ትላላችሁ፣ እሱ ከመደርደሪያ አንድ ያወርዳል። ሻጩ አልዋሸም። የጠየቃችሁት ጥያቄ ነው ልል የሆነው። በ94 ሞዴል ስም ስንት ዓይነት ካምቢዮ እንዳለ ከላይ አይተናል።

በቁጥር ጠይቁ። የቶዮታ የዕቃ ቁጥር አምስት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ አምስት ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። 85420 የካምቢዮ ሶሌኖይድ ነው። 84540 የኒውትራል ማብሪያው፣ ማለትም ሞተሩ በፒ ወይም በኤን ብቻ እንዲነሣ የሚያደርገው ነው። 82125 ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሽቦ፣ 83181 የሜትሩ የፍጥነት ሴንሰር፣ 89661 የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ከሰረዙ በኋላ ያሉት የትኛው ሥሪት እንደሆነ ይለያሉ። እዚያ 35 ብሎ ከጀመረ ብዙ ጊዜ የሃይሉክስና የፎር ራነር ወገን ነው፣ 60 ከሆነ የላንድክሩዘር። ቁጥሩን ከአሮጌው ዕቃ ላይ ካላገኛችሁ በሻንሲ ቁጥር ከቶዮታ የዕቃ ካታሎግ ይወጣል። አንዳንዴ ቁጥሩ በአዲስ ቁጥር ተተክቶ ታገኙታላችሁ። ካታሎጉ ራሱ ከተካው አትፍሩ።

አሮጌውን ዕቃ ሳትይዙ አትሂዱ። ቴስተርና ትንሽ ማግኔትም ኪስ ውስጥ ይኑር። ሻጩ እንድትለኩ ካልፈቀደ ቀጣዩ ሱቅ ሁለት እርምጃ ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የምታስመጡ ከሆነ የምትልኩት መልእክት ይህን ይመስል፦ ሙሉ የዕቃው ቁጥር፣ የአሮጌው ፎቶ ከሶኬቱ በኩል፣ የለካችሁት ኦም፣ የሻንሲ ቁጥር። «የካምቢዮ ሴንሰር ላክልኝ» ብቻ ካላችሁ የሚመጣው ዕቃ ይቅርታ የማይመልሰው ነው። እዚያ ሆኖ መቀየር ይቻል ነበር፤ ቦሌ ከደረሰ በኋላ ግን የእናንተ ነው።

ያገለገለ ልግዛ ወይስ አዲስ? የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ባለ አንድ ሽቦ ሶሌኖይድ ያገለገለ ቢሆንም ከላይ ያለውን ምርመራ በሙቅ ዘይት ካለፈ እገጥመዋለሁ። የፍጥነት ሴንሰርም እንደዚሁ። ባለ ሁለት ሽቦውን አዲስ እመርጣለሁ፤ ውስጡ ሲበላ ኦሙ አይናገርም። ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ሽቦ ያገለገለ በፍጹም አልገዛም። ዓመታት በሙቅ ዘይት የተቀቀለ ፕላስቲክ ሲያጥፉት እንደ ደረቅ ብስኩት ይሰበራል። የኒውትራል ማብሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ መግዛትም አያስፈልገውም። ውሃ ገብቶበት የጠቆረ ነው፤ ተከፍቶ ተጠርጎ በቀጭን ግሪስ ይመለሳል።

8. ስትገጥሙ

ናስትሮ የለጠፍነው ለዚህ ነው። ኤስ1 እና ኤስ2 ቢለዋወጡ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ 1ኛን ሲያዝ ኤስ1ን ብቻ ያበራል። ለ2ኛ ሁለቱንም። ለ3ኛ ኤስ2ን ብቻ። ለ4ኛ ሁለቱንም ያጠፋል። ሽቦዎቹ ከተለዋወጡ መኪናው በ3ኛ ይነሣል፣ ወደ 2ኛ ይወርዳል፣ ከዚያ ፍጥነት ሲጨምር 1ኛ ይገባበታል። ሞተሩ ይጮኻል፣ እናንተም ትጮኻላችሁ። ሽቦው ስላልተቆረጠ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሶሌኖይድ ሽቦ ኮድ አይመዘግብም።

የሶሌኖይዱ መቀመጫና ቡሎኑ ንጹሕ ብረት ይሁን፤ ምድሩ በዚያ ነው የሚያልፈው። ቡሎኑን 10 ኒውተን ሜትር፣ የሳህኑን ቡሎኖች 7 ተኩል አካባቢ ብቻ። ጉልበት አታሳዩ፤ ሳህኑ ከተጣመመ ዘይት ያንጠባጥባል። ሽቦው ከካምቢዮው የሚወጣበት ሶኬት ላይ ያለችውን ኦሪንግ ቀይሩ። የሳህኑን ማግኔቶች ጠርጉ። ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ላይ የተጻፈው ይሁን፤ በአሮጌዎቹ ላይ ዴክስሮን ነው።

ሳህኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ውጭ ባለው ሶኬት በኩል እያንዳንዱን ሶሌኖይድ እንደገና ለኩ። ሦስቱም ከ11 እስከ 15 ካነበቡ ዝጉ። በመጨረሻም የድሮውን ኮድ ለማጥፋት ኢኤፍአይ የሚለውን ፊውዝ ነቅላችሁ ከ10 ሰከንድ በላይ ቆዩና መልሱ። ከዚያ ሞተሩ እስኪሞቅ ንዱት፣ ኮዱን ደግማችሁ አንብቡ።

የፎር ራነሩ ባለቤት ትክክለኛውን ሪድ ሴንሰር ከገጠምኩላቸው በኋላ አብረን እስከ ሰንዳፋ ነድተን ተመለስን። መብራቷ አልበራችም። እሳቸውም ስለ መብራቷ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ዓይናቸው ግን ከክሩስኮቱ አልተነቀለም። ያ በስሕተት የገዛሁት ሴንሰር አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ናስትሮ ጠቅልዬ «ጥቅል፣ 612 ኦም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ጥቅል የሚፈልግ መኪና እስኪመጣ ይጠብቃል።